ለሁለት ሰው የሚሆን ክፍል

የካቲት 3፣ ማክሰኞ

አገኘሁት። ሦስት ሳምንት ሙሉ በምሳ ሰዓት፣ መጋረጃ በምንቆርጥበት ጠረጴዛ ላይ፣ የደንበኛ ጨርቅ ተደግፌ ስልኬን ስነካካ ከርሜ ዛሬ አገኘሁት።

ድሮ ፖስታ ቤት የነበረ ነው፤ አሁን እንግዳ ያሳርፋል። ከባሕሩ የሚለየው የድንጋይ ደረጃ ብቻ ነው። ደብዳቤ ይለዩበት የነበረው መደርደሪያ ከነትናንሽ ቀዳዳዎቹ ግድግዳው ላይ አለ፤ እንግዳ ካልሲውን እዚያ ይከታል። ቁልፍ የሚሰጡት ቴምብር ይሸጡበት በነበረው መስኮት ነው። ያለው ክፍል አንድ፣ አልጋውም አንድ። ወንበር ሁለት።

ደወልኩ። ባለቤቲቱ ድምፃቸው ጎርነን ያለ ነው። «ልጅ ይዘሽ እንዳትመጪ» አሉኝ ገና ከሰላምታው። ልጄ አድጋ ሄዳለች አልኳቸው። ከመጋቢት 1 እስከ 7 ያዙልኝ አልኩ። ያዙልኝ።

ልጃችን ዩኒቨርሲቲ ከገባች አምስት ወሯ። ከዚያ ወዲህ ቤታችን ውስጥ የሚያወራው ፍሪጁ ነው። ባሌ መኪና መንዳት ያስተምራል። ቀኑን ሙሉ «ቀስ… ፍሬን… መስታወቱን እዪ» ሲል ይውልና ቃሉን ጨርሶ ይገባል። ሃያ አንድ ዓመት አብረን ኖረን ሁለታችን ብቻ የትም ሄደን አናውቅም። አንድ ሳምንት። ወይ የምንነጋገረው ነገር አለን፣ ወይ የለንም። ማወቅ እፈልጋለሁ።

የካቲት 4፣ ረቡዕ

ነገርኩት። ፎቶውን አሳየሁት። መነጽሩን ስላላደረገ ስልኩን አርቆ ይዞ አየው። «ጥሩ ነው። እንሄዳለን» አለ። እንሄዳለን! ሳህን ሳጥብ ሳንጎራጉር ራሴን ያዝኩት።

የካቲት 8፣ እሑድ

ጠዋት እትዬ ደወሉ። ታላቅ እህቱ። «ባሕር ልንሄድ ነው አሉ! በዚህ ዕድሜዬ የመዋኛ ልብስ ልታስለብሱኝ ነው?» ብለው ሳቁ። እኔም ሳቅሁ… ምን ላድርግ?

ለካ «እንሄዳለን» ሲል የሱ «እኛ» ሌላ ነው። እኔ ሁለት ቆጠርኩ፤ እሱ ዘር ማንዘሩን ቆጠረ።

«ማን ነገራቸው?» አልኩት።

«እህቴ ናት። ብትሰማ ምን ትላለች? ይሉኝታ አለ እኮ።»

ሰምተው አልነበረም እኮ! ራሱ ነው ያሰማቸው። ነግሬው አልገባውም፣ ወይም እንዳልገባው ሆነ።

የካቲት 10፣ ማክሰኞ

ታናሽ ወንድሙም ይመጣል። ከነሚስቱ፣ ከነሦስት ልጆቹ። የእትዬ ባልም አይቀሩም። ዘጠኝ ሆንን። ምነው ጎረቤቱን ረሳው?

የካቲት 12፣ ሐሙስ

ዛሬ ሳሎናችን ውስጥ ቦታ ተመረጠ። ሁሉም ስልኩን ይዞ። የወንድምየው ሚስት መዋኛ ገንዳ ያለው ካልሆነ አለች። ባሕር ልትሄጂ ገንዳ? የእትዬ ባል ጉልበታቸውን ያማቸዋል፤ ደረጃ የሌለበት፣ መኪና ማቆሚያ ያለው ይሁን አሉ። እሺ፣ እሳቸውስ እውነታቸውን ነው። በመጨረሻ ሰባት ፎቅ ሲሚንቶ መረጡ። ባሕሩ «ከጣሪያው ላይ ይታያል» ይላል ማስታወቂያው። ከጣሪያው ላይ! እኔ ሄጄ ጣሪያ ልወጣ ነው?

የኔን ቤት አሳየኋቸው። ሁለት ሰው ብቻ እንደሚይዝ እያወቅሁ ለምን አሳየሁ? እንጃ። አንድ ሰው እንኳን «ቆንጆ ነው» እንዲለኝ ይሆናል።

«ምነው፣ ቴምብር ለጥፈው ነው የሚያስተኙን?» አለ ወንድምየው።

ቤቱ በሳቅ ተሞላ። ይሳቁ፤ እነሱ ምን አወቁ? እሱ ግን… እሱም ሳቀ። አየሁት፤ ጥርሱን አየሁት። ያቺን ሳቅ አልረሳትም።

የካቲት 13፣ ዓርብ

የአንድ ደንበኛ መጋረጃ ሃያ ሳንቲም አሳጥሬ ቆረጥኩ። ሁለቴ ለክቼ! አብራኝ የምትቆርጠው፣ መቀስ የምንላት፣ አጮልቃ አየችና «አንቺ፣ ዛሬ ማንን ነው የምትቆርጪው?» አለችኝ። ታውቀዋለች።

የካቲት 17፣ ማክሰኞ

የፖስታ ቤቷ ሴትዮ ደወሉ። «ትመጣላችሁ ወይስ ለሌላ ልስጠው? እስከ ዓርብ ንገሪኝ» አሉ።

ነገርኩት። ዓይኑን ከዜናው ሳያነሳ «ሰርዢው በቃ» አለ። «ሁሉም አንድ ላይ ሆኖ እኛ ተነጥለን… ሰው ምን ይላል?»

ሰው! ሃያ አንድ ዓመት ሙሉ ይኼ «ሰው» የሚባል ፍጡር ቤታችን እየኖረ ነው። ሠርጋችንን እሱ ደገሰ፣ የልጃችንን ስም እሱ አወጣ፣ አሁን ደግሞ የምተኛበትን ይመርጥልኛል። አንድ ቀን ይኼ ሰው በሩን አንኳኩቶ «ምን ሆናችሁ?» ቢለን ደስ ይለኝ ነበር። ማንም አይልም። ሁሉም የራሱን ሰው ፈርቶ ቁጭ ብሏል።

የካቲት 20፣ ዓርብ

«እመጣለሁ» አልኳቸው ሴትዮዋን። እመጣለሁ… «እንመጣለን» አላልኩም። ለሱም ነገርኩት፦ እኔ እሄዳለሁ፣ አንተ ከጣሪያ ላይ እየኝ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይላሉ። እንግዲህ ልሁን ሞኝ።

የካቲት 22፣ እሑድ

እትዬ ቤት ሄድኩ። እሳት ጎርሼ። መንገዱን ሙሉ የምላቸውን ስደረድር ነበር፦ ከሠርጌ ጀምሮ፣ ልጄን ስወልድ አርባ ቀን ቤቴ ተቀምጠው ጓዳዬን እንዳተረማመሱት፣ ሁሉንም። ገባሁ፣ ተቀመጥኩ፣ አፌን ከፈትኩ። ቀደሙኝ።

«ልጄ፣ እስቲ አንድ ነገር አስቸግርሽ። ይኼን የባሕር ነገር እንደምንም አስቀሪልኝ። እኔ ባሕር አልወድም፤ ሽታው ራሱ ያጥወለውለኛል። ባለቤቴም በዚያ ጉልበቱ…»

«ታዲያ ለምን እሺ አሉ?»

«ለመነኛ! ሦስት ጊዜ ደወለ። ‹እባክሽ እትዬ፣ ካልመጣሽ አይሆንም› አለ። እንቢ ልለው? አንቺም ትቀየሚያለሽ ብዬ ፈራሁ።»

የደረደርኩት ሁሉ አፌ ውስጥ ቀረ። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ማለት እኔ። ሁለት ሳምንት ሙሉ ዳውላውን ስደበድብ።

የካቲት 23፣ ሰኞ

ከሥራ ቀጥታ እሱ ዘንድ ሄድኩ። የመጨረሻ ተማሪውን ሸኝቶ መኪናው ውስጥ ተቀምጧል፣ በአስተማሪው በኩል፣ ያቺ ሁለተኛዋ ፍሬን ያለችበት። መሪው ጋ ገብቼ በሩን ዘጋሁ።

«ለምን ለመንካቸው?»

«ማንን?»

«እህትህን። ሦስት ጊዜ።»

ወደ ፊት እያየ፦

«ሳምንት ሙሉ… ሁለታችን ብቻ… ምን እናወራለን?»

ይሉኝታ አልነበረም። ሰው አልነበረም። እኔን ነው የፈራው። ከኔ ጋር ብቻውን ላለመሆን ሰባት ሰው ሰበሰበ፣ ሽማግሌ ሳይቀር፣ ሕፃን ሳይቀር። ቢመታኝ ይሻለኝ ነበር። እግሩን አየሁት፤ ሞተሩ ጠፍቶ እሱ ፍሬኗን ረግጧል።

ወጣሁ። በሩን ስዘጋው መስታወቱ ጮኸ።

የካቲት 26፣ ሐሙስ

አልተናገርኩትም። አልተናገረኝም። እትዬ የባላቸውን ጉልበት ምክንያት አድርገው ቀሩ፤ እሳቸው ሲቀሩ ወንድምየውም ቀረ። ሁሉም ደስ አለው። ማንም መሄድ አልፈለገም ነበር ለካ!

መጋቢት 1፣ ማክሰኞ

በአውቶቡስ፣ ብቻዬን። ስወጣ ሸሚዙን እየተኮሰ ነበር። «በሰላም ግቢ» አለ። ሸሚዙ ይቃጠል።

መጋቢት 2፣ ረቡዕ

ቤቱ ከፎቶው ይበልጣል። ይኼም አናደደኝ። ባሕሩ ደረጃው ድረስ መጥቶ ይመለሳል፣ መጥቶ ይመለሳል፤ አንድ ነገር ሊነግረኝ ጀምሮ የሚተወኝ ይመስላል። እንደዚያ ያለ ሰው አውቃለሁ። ሴትዮዋ ድሮ እዚሁ መስኮት ላይ ፖስታ ሠራተኛ ነበሩ። «ሁለተኛው ሰውሽስ?» አሉኝ። ፍሬን ላይ ነው አልኳቸው። አልጠየቁኝም።

መጋቢት 4፣ ዓርብ

መጣ።

ከደረጃው ላይ ተቀምጬ ሳለሁ በአንዲት ቦርሳ፣ በዚያው በተኮሰው ሸሚዝ። አልተነሳሁም። «ማን ና አለህ?» አልኩት። ገና ቦርሳውን ሳያስቀምጥ ተጀመረ። የሆዴን ሁሉ ዘረገፍኩት፦ ፍሪጁን፣ ሳቁን፣ ፍሬኑን። እስኪደክመኝ ጮህኩ። ከዚያ እሱ ጮኸ። እሱ! እስከ ዛሬ በተማሪ ላይ እንኳን ጮሆ አያውቅም።

«አሳየሽኝ እንጂ አልጠየቅሽኝም! ይዘሽ ጨርሰሽ ፎቶ ይዘሽልኝ መጣሽ። መጋረጃውን አንቺ፣ የልጅቷን ትምህርት ቤት አንቺ፣ ባሕሩን አንቺ። የኔ ሥራ ‹ጥሩ ነው› ማለት ነው!»

«አፍ የለህም?»

«ስናገር መቼ ሰምተሽኝ?»

«መቼ ተናግረህ?»

እንዲህ ስንባባል ፀሐይዋ ከአናታችን ተነስታ ጥጓን ይዛለች። ሴትዮዋ በቴምብሩ መስኮት አንገታቸውን አውጥተው፣ «እዚህ ሠላሳ ዓመት የሰው ደብዳቤ አሳልፌያለሁ፤ እንደናንተ የረዘመ አላጋጠመኝም። ብሉ አሁን» አሉ። በላን። እየተነጫነጭን።

መጋቢት 5፣ ቅዳሜ

እሱ ተኝቶ ሳለ ይኼን ደብተር ወደ ኋላ ገልጬ አነበብኩ። «ያዙልኝ አልኩ» ይላል። በማግስቱ «ነገርኩት» ይላል። በገዛ እጄ ጽፌዋለሁ። እውነቱን ነው… ግማሹን። የቀረው ግማሽ እውነት ግን የኔ ነው፤ ያቺን ሳቅ ገና አልማርኳትም፤ ይኼንንም ጠዋት ነግሬዋለሁ። «እሺ» አለ። «ጥሩ ነው» አላለም።

ከቁርስ በኋላ ጫማችንን ይዘን ደጅ ቆምን። በግራ በኩል አሸዋው ነው፤ ለስላሳ፣ ረጅም። ከረቡዕ ዕለት ጀምሬ እዚያ ከሱ ጋር ስሄድ ነበር በሐሳቤ። ልነግረው አፌን ከፈትኩ፣ ዘጋሁት።

«የት እንሂድ?» አልኩት።

ግራ ቀኙን ብዙ አየ። የመንጃ ፈቃድ የሚፈተን ይመስል።

«ወደ ቀኝ» አለ።

በቀኝ በኩል ድንጋይ እንጂ ሌላ ነገር የለም። አይቼዋለሁ። ተቀምጬ ጫማዬን ማሠር ጀመርኩ።