ሦስተኛው ቁልፍ

ማክሰኞ፣ መጋቢት 16 ቀን
ከሱቅ፣ ከሞርሳው አጠገብ

ለምወድሽ ልጄ፣

እኔም እናትሽም በጤና አለን። የእሷ ጉልበት ደረጃ ስትወጣ ያጉረመርማል፤ እኔ ደግሞ ደረጃ ሳልወጣም አጉረመርማለሁ። አንቺ ደህና መሆንሽን አክስትሽ ነግራኛለች። የት እንዳለሽ አልነገረችኝም፤ እኔም አልጠየቅኋት። እንዲያውም ብለምንሽ እንኳ እንዳትነግሪኝ ብዬ አደራ ብያታለሁ። ይህን ደብዳቤና አብሮት ያለውን ጥቅል የምታደርስልሽ እሷ ናት። በስልክ ያልነገርኩሽ ለምን እንደሆነ አንብበሽ ስትጨርሺ ይገባሻል።

ዳር ዳር ስል እንደምትናደጂ ስለማውቅ ዋናውን ላስቀድም። የዛሬ አራት ወር፣ ባልሽ የተከራየሽውን ክፍል አግኝቶ ደጃፍሽ ላይ የቆመ ዕለት፣ ደውለሽ አንድ ነገር ብቻ ጠየቅሽኝ። «አባዬ፣ ማን ነገረው?» አልሽ። «እኔ አይደለሁም» አልኩሽ። አምኜበት ነው ያልኩት። በማግስቱ ያንን ክፍል ጥለሽ ሄድሽ፣ እኔም ድምፅሽን ሳልሰማ ይኸው አራት ወር ሆነ። የነገርኩት ግን እኔ ነኝ።

እንዴት እንደሆነ ልንገርሽ። ክፍሉን የተከራየሽ ቀን መቆለፊያውን የቀየርኩልሽ እኔ ነኝ። አንቺ መጋረጃ ትሰቅያለሽ፣ እኔ በሩ ሥር ተንበርክኬ ቁልፍ የሚገባበትን የድሮውን ሲሊንደር አወጣለሁ። እንደ ልማዴ ሦስት ቁልፍ ቀረጽኩ፤ ሁለቱን ለአንቺ፣ ሦስተኛውን ለሱቁ የቁልፍ መስቀያ ሰሌዳ። የሰፈሩ ሰው ቁልፉ ሲጠፋበት የሚሮጠው ወደዚያ ሰሌዳ ነው፤ ልጅ ሳለሽ ወንበር ላይ ቆመሽ የየምስማሩን ባለቤት በስም የምትጠሪው አንቺ ነበርሽ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ አንድም ቁልፍ ለማይገባው ሰው ከዚያ ወርዶ አያውቅም።

ከዚያ ሱቅ ተመለስኩና፣ ቁልፍ ሠሪ ሁሉ የገጠመውን መቆለፊያ በመንግሥት መዝገብ ያስገባ የሚለው አዲሱ ሕግ እንደሚያዘው መዘገብኩት። የበሩ አድራሻ፣ የተከራይዋ መታወቂያ ቁጥር፣ ስንት ቁልፍ እንደተቀረጸ፣ እያንዳንዱ በማን እጅ እንዳለ። ስልኬን ነካ ነካ አድርጌ «ተመዝግቧል» የሚል አረንጓዴ ጽሑፍ ሲመጣልኝ ደስ አለኝ። ሌላው የሙያ ጓደኛዬ ግማሹን እየዘለለ ሲመዘግብ እኔ አንድም አልዘለልኩም። የገዛ ልጄን ብዘልማ ምን እባላለሁ ብዬ አሰብኩ።

ሕጉ የወጣ ሰሞን ምሳ ላይ የተከራከርነውን ሳትረሺው አትቀሪም። እኔ አፌን ሞልቼ፣ የሚደብቀው ነገር የሌለው ሰው መዝገብ ምን ያስፈራዋል አልኩ። አንቺ ማንኪያሽን አስቀመጥሽና «ታዲያ አባዬ፣ ሠላሳ ዓመት ሙሉ መቆለፊያ የሸጥከው ለሌባ ነው?» አልሽኝ። እናትሽ ሳቀች። እኔ ተናደድኩ። መንግሥት ካወጣው ያውቅበታል ብዬ ነገሩን ዘጋሁት። እውነት ለመናገር ያኔም አሁንም መንግሥት የተረገመ ነው ብዬ አላምንም። ሥራ የበዛበት ሰው ነው የሚመስለኝ፤ የሰጠሽውን ሁሉ ይቀበላል፣ የት እንዳስቀመጠው ግን አያስታውስም።

ሌላም የማታውቂው ጉድ አለ። የሕጉ ረቂቅ ለቁልፍ ሠሪዎች ማኅበራችን ቀርቦ ድጋፍ ሲጠየቅ መጀመሪያ እጁን ያወጣው አባትሽ ነው። ስለ ጸጥታ፣ ስለ ወንጀል መከላከል ረዘም አድርጌ ተናገርኩ፤ ተጨበጨበልኝም። በሆዴ የነበረው ግን ሌላ ነው። ከመንገዱ ማዶ «ዘመናዊው» የምንለው ሰውዬ በስልክ የሚከፈት መቆለፊያ መሸጥ ጀምሮ ነበር። አዲሱ ሕግ ፈቃድና ሥልጠና ስለሚጠይቅ ከገበያ ያስወጣልኛል ብዬ ተስፋ አደረግሁ። ነጻ ገበያን የመሰለ ነገር የለም እያልኩ የኖርኩት ማዶ ሰው እስኪከፍት ድረስ ነበር። ዘመናዊው ፈቃዱን በሁለት ሳምንት አወጣ፤ በስልክ አመዘጋገቡንም ያስተማረኝ እሱ ሆነ።

ወደ ባልሽ ልመለስ። ባለፈው ወር አንድ ጠዋት ሱቅ መጣ። ንጹሕ ሸሚዝ ለብሷል፣ ጫማው ተወልውሏል፣ እንደ ድሮው ጎንበስ ብሎ ሰላም አለኝ። የክፍሉ ኪራይ ገና አላለቀም፣ ዕቃዋን ልሰብስብላት አለ። «ጋሼ፣ ሦስተኛው ቁልፍ እርስዎ ጋ አለ አይደል?» አለኝ። ከየት ሰማህ ብዬ ስጠይቀው ስልኩን አውጥቶ አሳየኝ። ምንም አልደበቀም። መዝገቡን መንግሥት ለአንድ ኩባንያ ሰጥቶታል፣ ኩባንያው ደግሞ «የቤተሰብ አገልግሎት» የሚባል ነገር ከፍቶበታል። ባል የሚስቱን የመታወቂያ ቁጥር ሲያስገባ የሚስቱ በር ይወጣለታል። ገና ስላልተፋታችሁ ተፈቅዶለታል። ስክሪኑ ላይ የበርሽ አድራሻ ከነፎቁ አለ፤ ከሥሩ እኔ በገዛ ጣቴ የጻፍኩት «ሦስተኛ ቁልፍ፦ በአባት ሱቅ» የሚል ሰፍሯል። የተመዘገበበትን ሰዓት ሳይቀር ይዞታል።

ቁልፍሽን ከምስማሩ አወረድኩ፤ እጁን ዘረጋ። እኔ ግን ቁልፉን ብረት በሚያዝበት ሞርሳ ላይ አሰርኩትና ሞረድ አነሣሁ። ጥርሶቹን አንድ በአንድ ሞርጄ አጠፋኋቸው።

«ጋሼ፣ ምን እያደረጉ ነው?» አለ።

«እየሠራሁ።»

«እኔ እኮ ሕጋዊ ባሏ ነኝ።»

«አየሁት፤ ስልክህ ላይ ተጽፏል» አልኩት።

ለጥ ያለ ብረት ሲሆን ፈታሁና እጁ ላይ አኖርኩለት። ገና ትኩስ ነበር። አየው፣ ኪሱ ከተተው፣ አመስግኖኝ ወጣ፣ በሩንም ቀስ ብሎ ዘጋ። ያ ጨዋነቱ ነው ሁላችንንም ያታለለን።

በማግስቱ መዝገብ ቤት ሄድኩ። የተቀበለችኝ ሠራተኛ ትሑት ናት፤ ወንበር ስባ አስቀመጠችኝ። የልጄ አድራሻ ይጥፋልኝ አልኳት። «አባባ፣ ማረም ይቻላል እንጂ ማጥፋት አይቻልም» አለችኝ። እንግዲያው ከባሏ ሌላ ማን ማን እንዳየው ንገሪኝ አልኳት። ስክሪኗን ወደ ራሷ ዘወር አደረገችና «የተመልካቹ ማንነት በሕግ የተጠበቀ ነው» አለች። ይህን ስትል ፊቷ ላይ ምንም ቀልድ አልነበረም። ወደ ቤት ስመለስ አውቶቡስ ውስጥ ነገሩን አገላብጬ አየሁት። ባልሽ ሕግ አልጣሰም። ኩባንያው አልጣሰም፣ የመዝገብ ቤቷ ሠራተኛም አልጣሰችም፣ እኔማ ጭራሽ። ሕግ ሳይጣስ አንቺ ቤትሽን ጥለሽ ሸሸሽ።

መዝገቡን የያዘውን ማሽን ልወቅስ ብዬ እንኳ አልቻልኩም። የእኔም ሰሌዳ መዝገብ ነው። ግን እኔ ቁልፍ ከማውረዴ በፊት የሚጠይቀኝን ሰው ፊት አያለሁ፤ አንዳንዱን ነገ ተመለስ እለዋለሁ፣ አንዳንዱን ሚስትህን ይዘህ ና እለዋለሁ። ያኛው ቁጥሩን ካስገቡለት ነገ ተመለስ አይልም። አንቺ ያን ቀን ምሳ ላይ ልታስረጂኝ የሞከርሽው ይህንኑ ይመስለኛል። እኔ እንዲገባኝ ልጄ መባረር ነበረባት።

ለእናትሽ ነገርኳት። በአራተኛው ቀን ሸሚዜን እየተኮሰች፣ ቀና ሳትል «ጻፍላት» አለችኝ። «ሕጉን አትጻፍላት፤ አንተ ያደረግከውን ጻፍላት።» ስለዚህ እጄን ማውጣቴንም የጻፍኩልሽ በእሷ ትእዛዝ ነው።

ከዚያ ያለኝን ኩራት ዋጥ አድርጌ ማዶ ተሻገርኩ። ዘመናዊውን ሰውዬ፣ ካለህ ሁሉ የሚሻለውን፣ በስልክ የሚከፈተውን ለልጄ ስጠኝ አልኩት። «ጋሼ፣ ለልጅዎ ከሆነስ ይቅርብዎ» አለኝ። «በሩ በተከፈተ ቁጥር ለፋብሪካው ይነግራል።»

«ታዲያ ለምን ትሸጠዋለህ?»

«ስለሚገዛ ነዋ።»

ይህን ያህል ሐቀኛ ከሆነልኝ ብዬ እኔም ከሥራ ላስወጣው እጄን እንዳወጣሁ ነገርኩት። «አውቃለሁ እኮ» አለ፤ «ቃለ ጉባኤው ላይ አለ። ለሁሉም አባል በስልክ ተልኳል።» አንገቴን ደፋሁ። እሱ ግን ጓዳ ገብቶ ሽቦም ባትሪም የሌለው አንድ የድሮ ጠንካራ ሲሊንደር ይዞልኝ መጣ፤ የት እንደሚገጠምም አልጠየቀኝም።

ጥቅሉ ውስጥ ያለው እሱ ነው። ውስጡን ፈትቼ ራሴ አስተካክዬዋለሁ፤ የፋብሪካው ቁልፍ እንኳ አይከፍተውም። አልመዘገብኩትም፤ ቢደረስብኝ ፈቃዴን ይወስዳሉ። ይውሰዱት። መግጠሙን ከእኔ ተምረሻል፤ በበሩ ጠርዝ ላይ ያለውን ረጅሙን ብሎን ፍቺ፣ ቁልፉን አስገብተሽ ትንሽ አዙሪና ሲሊንደሩን ሳቢው። አዲሱን ስታስገቢ ብሎኑን ከመጠን በላይ አታጥብቂው። እጅሽ ከእኔ እጅ ይሻላል፤ ማንንም አትጥሪ። እኔንም ጭምር።

አንድ ነገር ቀርቶኛል። ያን ቀን በሩ ሥር ተንበርክኬ ሳለሁ ግንባርሽ ላይ ያለውን እብጠት አይቼዋለሁ። አይቼ፣ መጋረጃው ያምራል አልኩሽ። መዝገቡን ባላውቅ ነው ልል እችላለሁ፤ እብጠቱን ግን አውቄው ነው ዝም ያልኩት። ከሁሉ የሚያመኝ እሱ ነው። ይቅር በይኝ፤ ጊዜ ከፈለግሽም ጊዜሽን ውሰጂ።

በርሽን ስትዘጊው የሚዘጋ፣ አንቺ ስትፈቅጂ ብቻ የሚከፈት ያድርግልሽ። ቤት ስትገቢ ደረጃው ላይ ማንም አይጠብቅሽ። እንቅልፍሽ እንደ ልጅነትሽ ይሁን። እናትሽ ግንባርሽን ስማልኝ ብላለች።

አባትሽ

ማስታወሻ፦ ሲሊንደሩ ሦስት ቁልፍ አለው። ሦስቱንም ልኬልሻለሁ። ሰሌዳው ላይ ያለው ምስማርሽ አሁን ባዶ ነው፤ አልነቅለውም።