ባጃጁ ብቻ አይደለም አለችኝ

ማክሰኞ፣ ኅዳር 10

ሰባ ስምንት ዓመቴ ነው። ሚስቴ ከሞተች ወዲህ ሽሮዬን ራሴ እሠራለሁ፤ ልብሴን ራሴ አጥባለሁ፤ ቤተ ክርስቲያንም ብቻዬን እሄዳለሁ። ትናንት ግን በሬ ላይ ባጃጅ ከኋላዬ ክላክስ ቢነፋብኝ ደንግጬ ቦይ ውስጥ ወደቅሁና ግራ እጄ ተሰበረ። ልጄ ዝናሽ ይህን ሰምታ ከዱከም ደወለች። «አባዬ፣ በቃ እኔ ጋ ትገባለህ። እሁድ መጥቼ እወስድሃለሁ» አለችኝ። ቤቴን ዘግቼ የሰው ቤት ጥግ ልይዝ ነው?

ዛሬ እጄን ልታይ ከጤና ጣቢያ የመጣችው ነርስ ምን እንደጣለኝ ጠየቀችኝ። ባጃጅ አልኳት።

«አባባ፣ ባጃጁ ብቻ አይደለም» አለች። የቦዩን ክዳን አንዱ ጎረቤት እጣቢ ሊደፋ አንስቶ አልመለሰውም። አንገቴም ዞሮ ኋላዬን አያይም፤ ያደረቀው በልጅነቴ ስምጥ ሸለቆ፣ ቡልቡላ የጠጣሁት ፍሎራይድ የበዛበት የጉድጓድ ውሃ ነው አለችኝ። ጥርሴን ያበለዘው ያው ውሃ አጥንቴም ገብቷል።

«ታዲያ ማንን ልክሰስ? ውሃውን?»

ሳቀች። እኔ አልሳቅሁም። ጠላቴ አንድ ቢሆን በከዘራዬ እችለው ነበር።

እሁድ ሳይደርስ ያለብኝን ራሴ እጨርሳለሁ። የባጃጁን ልጅ ነፍሰ ገዳይ ብዬዋለሁና ይቅርታ አለብኝ። ከቦይ ጎትተው ላወጡኝ ለጎረቤቴ ለሐጂ ምስጋና አለብኝ። ክዳኑን በአንድ እጄም ቢሆን ገፍቼ እመልሰዋለሁ። የቀረው ለዝናሽ የምሰጣት መልስ ነው። እሱንም ራሴው፣ በሬ ላይ ቆሜ «ከቤቴ አልወጣም» እላታለሁ።