በሳሎናችን የደረሰው የመኪና አደጋ

ለማከብርሽና ለምወድሽ ታላቅ እህቴ፣

እንደምን ከርመሻል? ጉልበትሽስ ተሻለሽ? ባለቤትሽ እንደምን ነው፣ ማንኮራፋቱ አሁንም ጎረቤት ይቀሰቅሳል? እኔ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነኝ፤ ሆዴ ግን አልሰማ ብሎኝ ሱሪ ሁሉ ጠቦኛል። ልጅሽም እኔ ቤት በሰላም ትማራለች፣ ትበላለች፣ ትከራከራለች።

አሥራ ሰባት ዓመት ሞልቷታልና መኪና መንዳት ትማር ወይስ ይቆይ ብለሽ ቁርጡን እንድነግርሽ አዘሽኝ ነበር። ዕድሜ ልኬን አውቶቡስ ስነዳ ስንቱን አይቻለሁ፤ ስለዚህ መሪ ከመጨበጧ በፊት መንገዱን ላስተምራት ተነሳሁ። ወሬውን የሰሙ አራት ጓደኞቿም እኛስ ብለው መጡ።

ከሁለት ሳምንት በፊት ቅዳሜ፣ የምግብ ወንበሮቹን ሁለት ከፊት ሦስት ከኋላ ደርድሬ መኪና አደረግኋቸው። መሪው የትልቁ ድስት ክዳን፣ ቀበቶው የሥራ ከረባቶቼ ናቸው። ልጅሽ ሾፌር ሆነች። መቼም አነዳዷን ብታዪ! የሌለ መስታወት እያየች፣ ለሶፋው ቅድሚያ እየሰጠች ትሄዳለች። ጓደኞቿ ፍጠኚ እንጂ ብለው ቢጨቀጭቋት ንቅንቅ የለም። በልቤ ኮራሁና ልፈትናት ብዬ፣ ማድ ቤት ተደብቄ ስልኳ ላይ ደወልኩ።

አነሳችው! እየሮጥኩ ወጥቼ ሁላችሁም ሞታችኋል አልኩ። እሷ ደግሞ፣ ስልኬን ቶሎ አንሺ እያልክ ጠዋት ማታ የምትነዘንዘኝ አንተ አይደለህ እንዴ አለችኝ። እኔም ሟች አይከራከርም ብዬ አምስቱንም ምንጣፉ ላይ አስተኛኋቸው።

ክዳኑን ይዤ ከበላያቸው ቆሜ ስሰብክ፣ ልብስ ሰፊዋ ጎረቤታችን ያሰፋችልኝን ሱሪ ክንዷ ላይ ጥላ እንደ ልማዷ ሳታንኳኳ ገባች። አምስት ልጅ ተዘርሯል፤ እኔ የድስት ክዳን ይዣለሁ። "ምን አበላሃቸው!" ብላ ጮኸች። የምግብ አሠራሬን መቼም ታውቀዋለች። ልጆቹ በሳቅ እየተንከተከቱ ተነሱ፤ እኔም ሆዴን ይዤ ሳቅኩ።

ጎረቤታችን ግን በሩ ሥር ቁጭ አለች። ከተነሱ በኋላ እንኳ የእያንዳንዳቸውን ራስ እየዳሰሰች ታለቅስ ነበር። እህቴ፣ በጣም አፈርኩ።

እራት ላይ ልጅሽ ሳህኗን ገፋ አደረገችው። ምን ሆንሽ ብላት፣ ተኝቼ ሳለሁ አንድ ዓይኔን ገልጬ የጎረቤታችንን ፊት አየሁት፣ እናቴን መሰለችኝ አለችኝ። ከዚያ ወዲህ ክዳኑን በጨበጠች ቁጥር እደውላለሁ፤ ስልኩ ጮሆ ጮሆ ይዘጋል።

ሐሙስ ዕለት ደውለሽ አላነሳ አለችኝ ብለሽ የተቆጣሽው ለዚህ ነው። ክዳኑን ይዛ ስትነዳ ነበርና፣ እናትሽ ናት አንሺ ብላት፣ ዳር ይዤ ሳልቆም አላነሳም አለችኝ። ዳር ይዛ እስክትቆም አንቺ ዘጋሽው። ስለዚህ ፍቀጂላት፤ መሪውን ልሰጣት ቆርጫለሁ። ከእንግዲህም ስትደውዪ ባታነሳልሽ አትቀየሚያት፤ ለአንቺው ብላ ነው።

እናታችንን ጉልበቷን ሳሚልኝ፤ ስለ ምንጣፉ ነገር ግን ትንፍሽ እንዳትዪ። ባለቤትሽን እጅ ነስቷል በዪልኝ፤ ለሰፈር መንገድ ምን ያደርጋል እያለ የሚንቀውን ቀበቶ ይሰር። ትንሹን ልጅሽን ሁለቱንም ጉንጮቹን ሳሚልኝ።

አክባሪ ታናሽ ወንድምሽ
ከሾፌሮች ማረፊያ ክፍል፣ እሑድ፣ ጥር 17