የማይሮጡት ሳጅን

ጥቅምት 10፣ ሰኞ

ዛሬም ከጣቢያ እስከ ዓለም ገና ባጃጅ ተራ የሃያ ደቂቃው መንገድ አንድ ሰዓት ከሩብ ፈጀ። ምክንያቱ? ሳጅን ከድሩ። ሰላም የማይሉት ሰው የለም። "አካም ቡልተን? ልጆች ፈያዳ? ያቺ ላም ወለደች?" ላሟን ሳይጠይቁ ማለፍ አይሆንላቸውም። እኔ ከጎናቸው ቆሜ ሰዓቴን አያለሁ... ኮሌጅ እያለሁ በአንድ ሺህ አምስት መቶ ሜትር ሁለተኛ የወጣሁ ልጅ! ከሃምሳ አንድ ዓመት ሰውዬ ጋር ያጣመረኝን ምን በድዬው ይሆን?

በዚህ ወር ብቻ ሦስት ባጃጅ ተሰርቋል። ዘዴው አንድ ነው። ሌባው ተሳፋሪ መስሎ ይመጣል። "ጆንያዬን አንሳልኝ" ብሎ ሾፌሩን ያስወርዳል። ከዚያ ባጃጁን ይዞ እብስ። ሾፌሩ ጆንያ ታቅፎ ይቀራል።

ከሰዓት ኢንስፔክተር ውብአየሁ ለብቻዬ ጠሩኝ። የባልደረባ ምዘና ቅጽ ሰጡኝ። ሳጅን ከድሩ ለጎዳና ሥራ ብቁ ናቸው ወይስ አይደሉም? "አይደሉም" ካልኩ እሳቸው ወደ ዕቃ ግምጃ ቤት ይዛወራሉ፣ ለእኔ ወጣት ባልደረባ ይመደብልኛል። "ለማንም እንዳትነግሪ" አሉኝ። ምኑ ይከብዳል?

ጥቅምት 12፣ ረቡዕ

ጉዴ ፈላ። ጠዋት ጆንያ የተሸከመ ሰው ሲሮጥ አየሁ። ተፈተለክሁ። ተፍኪ የሚሄደው ሚኒባስ በር ላይ ደርሼ ጣልኩት። ጆንያው ተፈታ... ድንች! ሰውዬው ለካ ሚኒባሱ እንዳያመልጠው ነው የሚሮጠው። ድንቹ አስፋልቱን ተሻግሮ ተንከባለለ። ረዳቱ ሳቀ፣ ተሳፋሪው ሳቀ።

ሳጅን ከድሩ ከሩብ ሰዓት በኋላ ደረሱ። ጎንበስ ብለው ድንች መልቀም ጀመሩ። "ታክሲ የሚያሯሩጠውን ሁሉ ካሰርሽ፣ ልጄ፣ ዓለም ገና ባዶዋን ትቀራለች።"

አረርኩ። ጣቢያ እንደተመለስኩ ቅጹን ሞላሁ። ሩጫ፦ ዜሮ። ፍጥነት፦ ዜሮ። ለጎዳና ሥራ፦ ብቁ አይደሉም። ፈረምኩና ለጸሐፊዋ ለሩቲ ሰጠኋት። ቀለል አለኝ።

ጥቅምት 14፣ ዓርብ

ከጁምዓ በኋላ ሳጅን ከድሩ ቤታቸው ምሳ ጋበዙኝ። ባለቤታቸው ወይዘሮ መብሩካ ዓርብ መሆኑን አስበው የጾም ሠርተውልኛል። ሳጅን እጃቸውን ሊታጠቡ ሲወጡ ሴትየዋ ጠጋ አሉኝ። "አምና እግሩን አሞት አንድ ወር ቤት ዋለ። ሰው ካላየ ይጠወልጋል፣ የኔ ልጅ። ግድግዳውን ሰላም ሊል ምንም አልቀረው።"

ያነሳሁትን ጉርሻ መልሼ አስቀመጥኩ። ግምጃ ቤቱ መስኮት እንኳ የለው። አሮጌ ጎማና የተሰበረ ወንበር ነው ያለው... ምን አድርጌ ነው?

ጥቅምት 18፣ ማክሰኞ

ተያዘ! ያዝኩት ለማለት ግን አፍ የለኝም።

አምስት ሰዓት ላይ ኡዘይር የሚባል የባጃጅ ሾፌር ጆንያ ታቅፎ "ሌባ! ሌባ!" አለ። ባጃጁ ብዙም ሳይርቅ ቦይ ውስጥ ገባ። ሌባው ዘሎ ወርዶ ሮጠ። እኔም። አጥር ዘለልን፣ የሰው ጎመን ረገጥን፣ ዶሮ በተንን... ልይዘው ሁለት ክንድ ሲቀረኝ የለቅሶ ድንኳን ውስጥ ገባ። ገብቶም "ጋሼ! ጋሼ! የት ጥለኸኝ ሄድክ!" እያለ ደረቱን ይመታ ጀመር። ለቀስተኛው ሁሉ ተነስቶ አብሮት አለቀሰ! እኔ ተከትዬ ገብቼ "እጅ ወደ ላይ!" ስል አንድ ሽማግሌ ከዘራቸውን አነሱብኝ። "ለቅሶ ቤት? ነውር አታውቂም?"

ሳጅን ከድሩ ደረሱ። በእርምጃ። ቆባቸውን አወለቁ፣ ቤተ ዘመዱን እጅ ነሱ፣ ሌባው አጠገብ ተቀመጡ። እኔንም ጎትተው አስቀመጡኝ።

"ሊያመልጥ ነው እኮ!" አልኳቸው በጆሯቸው።

"ተቀምጧል። ምን ያስሮጠናል?"

ንፍሮ መጣ። በላን። ሌባውም በላ፣ ያውም ሁለት ጊዜ አስጨምሮ። ከዚያ ሳጅን ከድሩ ቀስ ብለው፣ "አላህ ያጽናህ። ሟች ምንህ ናቸው?"

"አጎቴ ናቸው።"

"እንዴት ያሉ ሰው ነበሩ?"

"እንደሳቸው ያለ ወንድ የለም!"

የሟች ልጅ ዱርሲቱ ቀና ብላ አየችው። "ወንድ? የሞተችው እኮ እናቴ ናት!"

ከዚያ በኋላ እኛ ምንም አልሠራን። የዕድሩ ሰዎች ራሳቸው ብብቱን ይዘው አወጡና አስረከቡን።

ስንመለስ እንዴት እንዳወቁ ጠየቅኳቸው። "የዱርሲቱ እናት አዴ ጂቱ ማረፏን ጠዋት ሰው ሰላም ስል ሰምቼ ነበር። ከመንገድ ሆኜ 'ጋሼ' የሚል ለቅሶ ከዚያ ቤት ስሰማ ጊዜ መቸኮሌን ተውኩት።"

"መቸኮል ጀምረው ነበር?"

"አስቤ ነበር።"

ሆዴን ይዤ ሳቅኩ። ቅጹ ትዝ እስኪለኝ ድረስ።

ጥቅምት 19፣ ረቡዕ

ሩቲ ጋ ሄድኩ። "ያን ቅጽ መልሺልኝ፣ በናትሽ።" ሳቀች። "ሳጅን ከድሩም ስላንቺ ሞልተዋል እኮ። አላወቅሽም?" ፋይሉን ከፍታ አሳየችኝ። የተሞላው ጥቅምት 12። የድንቹ ቀን!

"ሩጫ፦ አላህ የሰጣት። ጉድለት፦ ልጅነት፤ ይለቃታል። ከዚህች ባልደረባ ጋር መሥራት ይፈልጋሉ? አዎ። እስክደርስባት።"

ኮሪደሩ ላይ ቆሜ አለቀስኩ። ያውም ዩኒፎርም ለብሼ። እንዲህ ያለ እፍረት አፍሬ አላውቅም።

ኢንስፔክተሩ ጋ ገባሁ። "የተፈረመ ቅጽ የሚቀየረው ተመዛኙ የፊተኛውንም የኋለኛውንም አይተው ከፈረሙ ብቻ ነው" አሉ። የፊተኛውንም?...

ጥቅምት 20፣ ሐሙስ

ነገርኳቸው። ሁለቱንም ወረቀት ሰጠኋቸው። አዲሱ ላይ "አይሮጡም። ሌባው የት እንደሚቀመጥ ግን ያውቃሉ። ለጎዳና ሥራ ብቁ" ብዬ ጽፌያለሁ። መነጽራቸውን አደረጉ። የፊተኛውን አንዴ አነበቡ። ደገሙት። አጥፈው ያዙትና መራመድ ጀመሩ። አንድ ኦቦ ከበራቸው "አካም?" ቢሏቸው እንኳ አልመለሱም። ከኋላ ከኋላ ተከተልኳቸው።

ድንጋይ ላይ ተቀመጡና እስክሪብቶ ጠየቁኝ።

"ዜሮ ያልሽው ልክ ነው" አሉ። "ግን ተቀይሜያለሁ።"

"ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ..."

"ዛሬ አልችልም። እስከ ነገ ይለቀኛል።"

ፈረሙ።

ጥቅምት 28፣ ዓርብ

የምደባው ደብዳቤ ሰኞ ወጣ። ጋሽ ከድሩ ብቁ! ከእኔው ጋር!

ዛሬ ለምሳ ተጠራሁ። በሩ ላይ ስንደርስ "ለመብሩካ ሁሉንም ነግሬያታለሁ" አይሉኝም! ልመለስ? ሮጬስ ባመልጥ?

ወይዘሮ መብሩካ በሩን ከፍተው ከላይ እስከ ታች አዩኝ። አልሳሙኝም። ጓዳ አስገብተው ቢላዋና አንድ ሰፌድ ሙሉ ሽንኩርት አስታቀፉኝ።

"ባሌን ግምጃ ቤት ልትከቺብኝ ነበር አሉ?"

"ተሳስቼ ነው፣ እትዬ..."

"እንዲህ የሚያስቀይም የቤት ልጅ ነው። የቤት ልጅ ደግሞ ቁጭ ብላ አትበላም። ላጪ።"

ሰፌዱን ሙሉ ላጥኩ።