የነጣው አንሶላ

ለልጄ ለኔስታ፣

ለንደን ተስማማሽ ወይ? እኛ ድመቷም ሳትቀር ደህና ነን።

ካርዲፍን ብታዪ አታምኚም! ድሮ ነፋሱ ከወደቡ ሲነሳ፣ መርከብ ላይ የሚጫነው የድንጋይ ከሰል ብናኝ ሳያጠቁርብን ልብስ ለማስገባት እንሯሯጥ አልነበር? ከፋሲካ ወዲህ አንሶላዬ ወተት መስሎ ይደርቃል። ጎረቤታችን ግዌን፣ «አንቺ፣ ምን ሳሙና አገኘሽ?» ብትለኝ፣ «የራስሽንስ አላየሽም? ያንቺም ነጥቷል!» ብያት ተሳሳቅን።

ከሰል ጫኙ አባትሽም ልብስ አስጪ ወጥቶታል፤ ካልሲውን ሳይቀር ጥንድ ጥንዱን ያሰጣል። ቤት ሲውል ደግሞ ጨዋታው! ጠዋት ጠዋት ብቻ አንሶላው ላይ ጣቱን ያሳልፍና ጣቱን ትክ ብሎ ያየዋል። «ንጹህ ነው» ብሎኝ ይገባል።

በይ ሰላም ሁኚልኝ፣ አባትሽም ስሞሻል። ስትመጪ ነጭ ቀሚስሽን ልበሺ፤ ዘንድሮ ወደቡ ድረስ ብትሄጂበትም አይቆሽሽም።

እናትሽ ማርጌድ