ከመደርደሪያው ሆኖ ስለሚሠራው ሃርድ ዲስክ

ለክቡር አቶ ገሰሰ
የፀሐይ መውጫ የጋራ መኖሪያ ሕንፃ ነዋሪዎች ማኅበር ሰብሳቢ
አያት

ግልባጭ፦ ለሃርድ ዲስክ መራጭ ንዑስ ኮሚቴ፤ እንዲሁም ለደረጃው ማስታወቂያ ሰሌዳ

ክቡር ሆይ፣

ጤናዎ እንዴት ነው? ወገብዎስ? ከአንድ ወንበር ላይ ዘጠኝ ዓመት ሳይነሡ መቀመጥ ወገብን ምን እንደሚያደርገው እኔም በጸሐፊነቴ ስለቀመስኩት ከልቤ ነው የምጠይቅዎት። የደም ግፊትዎም ይህን ደብዳቤ አንብበው እስኪጨርሱ ድረስ ባለበት ይቆይልዎ ዘንድ ከነልጆቼ እመኛለሁ።

እኔ የአራተኛ ፎቋ ተናኜ ነኝ፤ በረንዳዋ ላይ ቃሪያ የተከለችው። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ከታይፕ በቀር ሌላ ያልተማርኩ ሆኜ ሳለ፣ የማኅበራችንን ቃለ ጉባኤ ስድስት ዓመት በነጻ እንድጽፍ ስለፈቀዱልኝ ዛሬም አመሰግናለሁ። «ወሬ ታበዛለች» ማለትዎም ደርሶኛል። እውነትዎን ነው፤ ስለዚህ ይቀመጡ።

ነገሩን ላልሰማ ነዋሪ በአጭሩ ላስረዳ፤ «በአጭሩ» የምለው በእኔ መለኪያ መሆኑ ይታወቅልኝ። በማኅበሩ ቢሮ ያለችው ኮምፒውተር አሥራ አራት ዓመት የሞላት አሮጊት ናት፤ ግን ትሠራለች፤ ነዋሪውም በየተራው ይጠቀምባታል። ከሁሉ አብዝተው የተጠቀሙባት የሁለተኛ ፎቁ ጋሼ ዑቕባይ፣ ጡረታ የወጡት የጂኦግራፊ መምህር ናቸው። ሁለት ዓመት ሙሉ ከሰዓት በኋላ ከባለቤታቸው ከእትዬ መብራት ጋር እየመጡ፣ እትዬ በፕላስቲክ ወንበር ተቀምጠው ከዓዲግራት ልጅነታቸው ጀምሮ ያለፉበትን ለልጅ ልጆቻቸው ሲናገሩ፣ ጋሼ በሁለት ጣት ይጽፉ ነበር። «እንደሱ አላልኩህም ዑቕባይ፣ አጥፋው!» እያሉ ሲቆጧቸው ስንቴ ስቀናል። ሁለት መቶ አሥራ አራት ገጽ ሆነ። ባለፈው ሐምሌ እትዬ መብራት ዐረፉ። ጋሼም ጽሑፉን አርመው፣ አሳትመውና አስጠርዘው በእትዬ ሙት ዓመት ዕለት ለልጅ ልጆቻቸው ሊያድሉ ቃል ገቡ። ሌላ ቅጂ የሚባል ነገር አልነበረም፤ ያ ሁሉ ንግግር ያለው በዚያች አሮጊት ሆድ ውስጥ ባለው ሃርድ ዲስክ ላይ ብቻ ነበር።

እንግዲህ በየካቲት ያ ዲስክ ሱፍ እንደሚፈለቅቅ ሰው «ቀጭ፣ ቀጭ» ማለት ጀመረ። ሳይሞት እንዲቀየር አመለከትን። ከዚያ በኋላ ለተደረገልን ሁሉ ያለኝን ምስጋና በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

፩. ለአንድ ሃርድ ዲስክ ሰባት ሰው ያለው ኮሚቴ ስላቋቋሙ አመሰግናለሁ። ዲስኩ የመዳፍ ያህል ነው፤ ሰባት ሰው ቢሸከመው ለአንዱም ጣት አይደርሰውም። ሆኖም ኮሚቴው ሦስት ሳምንት ተሰብስቦ «ቅያሪው ዘመናዊ ይሁን» ብሎ ወስኗል። ውሳኔውን የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ ስጽፍም ዲስኩ ከሥር «ቀጭ» እያለ ያጅበኝ ነበር።

፪. ስለ ማኅተሙ ጥንቃቄም እንዲሁ። የዛሬ ሁለት ዓመት በንብረት ቆጠራ ጊዜ በኮምፒውተሯ ጎን ላይ «መክፈት ክልክል ነው» የሚል፣ ማኅተም ያረፈበት ወረቀት በእጅዎ ለጥፈዋል። ታዲያ ውስጧ ምን ዓይነት ዲስክ እንዳለ፣ ገመዱ ምን እንደሚመስል ለማየት ማኅተሙ መቀደድ ነበረበት፤ ለመቅደድ ደግሞ ምልአተ ጉባኤ ያስፈልጋል፤ ምልአተ ጉባኤው ደግሞ ፋሲካ ነው፣ ለቅሶ ነው፣ ዝናብ ነው እየተባለ አልሞላም። ኮሚቴውም ብልሃት አላጣም፤ ኮምፒውተሯን ከውጭ ተመልክቶ «ቀለሟ ጥቁር፣ ቁመቷ ሁለት ስንዝር» የሚል መግለጫ አዘጋጅቶ በዚያው መሠረት ዲስክ እንዲገዛ አዘዘ። በካፖርት ቀለም ጥርስ የሚያስተክል ሰው ቢኖር ወደ እኛ ኮሚቴ እንዲመጣ እመክራለሁ።

፫. ከሦስት ሱቅ ሦስት ፕሮፎርማ ስለተሰበሰበም አመሰግናለሁ፤ ሦስቱም በአንድ እስክሪፕቶ፣ በአንድ ሰው እጅ መጻፋቸውን የነጋዴዎቻችን ፍቅር ምልክት አድርጌ ወስጄዋለሁ። አሸናፊው ዲስክ ሲመጣ የማስቲካ ቅጠል የምታህል ስስ ነገር ሆና ተገኘች። ከኮሚቴው አንዱ «ይቺ ናት አንድ ቴራ? ሸውደውናል!» ብሎ በማስመሪያ ለክቷታል። አልተሸወድንም። ዕቃዋ በእውነት ዘመናዊ ናት፤ ችግሩ አሮጊታችን በተሠራችበት ዘመን ይህችን የሚቀበል ሶኬት አለመፈጠሩ ብቻ ነው። እሷም በንብረት ገቢ ደረሰኙ በሞዴል ፲፱ ተመዝግባ፣ ከነማሸጊያዋ ከማኅበሩ ማኅተም ጎን በቢሮው ባለመዝጊያ መደርደሪያ ውስጥ ተቆለፈባት።

፬. ይህን ግን ስጽፍ ሳቄ ትንሽ ይቆማል። ጋሼ ዑቕባይ ኮፍያቸውን አውልቀው «ልጄ፣ ግዢው ይቆይ፣ መጀመሪያ ያለውን ብቻ ገልብጡልኝ» ብለው ሲለምኑዎ «ጋሼ፣ ቢጠፋም እንደገና ይጽፉታል» ብለዋቸዋል። ጋሼም «ማን ተናግሮልኝ?» አሉ። ክቡርነትዎ ያን ጊዜ ስልክ ያነሡ ስለነበር መልሱን የሰሙ አይመስለኝም። እኔ ሰምቻለሁ።

በግንቦት እርስዎ ለልጅዎ ሠርግ ሁለት ሳምንት ሐዋሳ ሲሰነብቱ፣ የቢሮው ቁልፍ በእጄ ስለሆነ ላጸዳ ገባሁ። ኮምፒውተሯን ከግድግዳው ሳብ አድርጌ የተደገፈውን ጎኗን ስወለውል ሁለት ብሎንና አንድ የጣት መያዣ አየሁ። ወደዚህኛው ጎን ዞርኩ፤ የእርስዎ ማኅተም የተለጠፈበት ጎን ከቀፎው ጋር አንድ ላይ የተበየደ ነው፤ ሲሠራም እንዲከፈት ሆኖ አልተሠራም። ክቡር ሆይ፣ ሁለት ዓመት ሙሉ ግድግዳ አሽገን ስንጠብቅ፣ በሩ በወዲያ በኩል ወለል ብሎ ነበር! ለብቻዬ መሬት ላይ ተቀምጬ እንባዬ እስኪወርድ ሳቅኩ። አሁንም ሳስበው እስቃለሁ።

ኦሎምፒያ አካባቢ ኮምፒውተር ለምትጠግነዋ ለሳምራዊት ደወልኩላት። ካቻቢቴ ይዛ መጣች፤ በአምስት ደቂቃም ሰባት ሰው በሦስት ወር ያላወቀውን ነገረችኝ። «እትዬ ተናኜ፣ ለአሮጌ ኮምፒውተር ዲስክ ስትመርጪ አዲስነቱን አትጠይቂ፤ ገመዱን እይ፣ ልኩን እይ። አቅሙ እጅግ ትልቅ ከሆነም ኮምፒውተሯ ሙሉውን አታውቀውም። ከሁሉ በፊት ግን ያለውን ገልብጪ» አለችኝ። ልጄ ለበዓል ቀሚስ ልትገዛልኝ ነበር፤ ቀሚሱ ይቅርና በልኳ የሚሆን፣ የማይሽከረከር፣ «ኤስ ኤስ ዲ» የሚሉትን ግዢልኝ አልኳት። ገዛችልኝ።

ማስገልበጡ ከጠዋት እስከ አሥር ሰዓት ፈጀ። ጋሼ ዑቕባይ በዚያው በእትዬ መብራት ፕላስቲክ ወንበር ተቀምጠው ይጠብቁ ነበር። ዲስኩ ሁለት ጊዜ ቀጥ ብሎ ቆመ፤ ሳምራዊት «አይዞዎት ጋሼ፣ ደክሞት ነው» እያለች አስታመመችው። በመጨረሻ ፋይሉ ተከፈተ፤ ጋሼ እስከ ሁለት መቶ አሥራ አራተኛው ገጽ ድረስ አንድ በአንድ ወረዱና መነጽራቸውን አውልቀው በጋቢያቸው ጫፍ ጠረጉ። አሮጌው ዲስክ በማግስቱ ጨርሶ ዝም አለ። እርስዎ ዘጠኝ ዓመት ያደረጓቸው የመክፈቻ ንግግሮችም አንድ ሳይጎድሉ ተርፈዋል፤ ለዚህ ሳምራዊትን ይቅር ብለናታል።

ከሐዋሳ ሲመለሱ ኮምፒውተሯ ቁልፏ ሲነካ ብድግ የምትል ሆና ጠበቀችዎት። የኮሚቴው አባላት ሰባቱም፣ እያንዳንዳቸው ሌላው የገጠመው መስሏቸው ዝም አሉ። እርስዎም ማኅተሙ ሳይነካ እንዳለ አይተው የኮሚቴውን ጥንቃቄ አደነቁ። ባለፈው እሑድ ጉባኤ ላይም «አዲሱ ዲስክ ከመጣ ወዲህ ኮምፒውተራችን እንደ ንስር ታደሰች» ብለው ለሰባቱም የምስክር ወረቀት ሰጡ። ከታሸገበት ሳይወጣ፣ በተቆለፈ መደርደሪያ ውስጥ ሆኖ ሦስት ሜትር ርቆ ያለ ኮምፒውተር የሚያድስ ዲስክ መርጦ መግዛት ምስክር ወረቀት ያንሰዋል እንጂ አይበዛበትም።

ይህን ሁሉ ስቄ አልፈው ነበር። ነገር ግን በዚያው ጉባኤ፣ ኮምፒውተሯን ከነዋሪው እጅ ለማዳን ብለው አንድ ውሳኔ አስወሰኑ፤ ከሥሩ ያለውን ቃል በቃል ከቃለ ጉባኤው የገለበጥኩት ነው፦ «አዲሱ ሃርድ ዲስክ የሚገኝበትን ንብረት፣ ሰብሳቢውን ጨምሮ፣ ሰባቱ የኮሚቴ አባላት ፈርመውበትና የማኅበሩ ማኅተም አርፎበት ካልተፈቀደ በቀር ማንም እንዳይከፍት፣ እንዳይነካ»። ጋሼ ዑቕባይ ለማረም የቀራቸው አሥራ አንድ ገጽ፣ ለሙት ዓመቱ የቀራቸው ሃያ ሦስት ቀን ነው። ይህን ሰምተው ተነሥተው ወጡ።

እኔ ደግሞ ሕግ አክባሪ ነኝ። ውሳኔውን ሦስት ጊዜ አነበብኩት፤ ከዚያ አዲሱ ሃርድ ዲስክ የት እንደሚገኝ በሞዴል ፲፱ አረጋገጥኩ። መደርደሪያው ውስጥ ነው። ስለዚህ «ማንም እንዳይነካ» የሚለውን ማስታወቂያ በትልቁ አትሜ መደርደሪያው ላይ ለጥፌዋለሁ። ኮምፒውተሯን በተመለከተ ጉባኤው ያሳለፈው አንድም ክልከላ ስላላገኘሁ፣ ጋሼ ዑቕባይን ጠርቼ አስቀምጫቸዋለሁ። ይህን ስጽፍ ከአጠገቤ ሆነው ተራቸውን ይጠብቃሉ፤ «ተናኜ፣ ደብዳቤሽ ከእኔ መጽሐፍ ሊረዝም ነው፣ በቃሽ» እያሉኝ ስለሆነ ላብቃ።

የማኅተምዎ ጠባቂ፣ የንግግሮችዎ ጸሐፊ፣ ለጊዜው በማይነካው ንብረትዎ ፊት በታላቅ አክብሮትና ከዚያ በበለጠ ደስታ ጎንበስ የምል፣

ተናኜ
ከአራተኛ ፎቅ

ይድረስ ተብሎ የታከለ፦ የማኅበሩ ማኅተም መደርደሪያው ውስጥ ስለሆነ፣ መደርደሪያውን ለማስከፈት የሚያስፈልግዎትን ፈቃድ በምን እንደሚያትሙት ኮሚቴ ቢያቋቁሙበት መልካም ነው። ከቆጠራው ተርፋ በመሳቢያ የነበረችውን፣ ማኅተም ያረፈባትን የማሸጊያ ወረቀትም እኔው መደርደሪያው ላይ ለጥፌያታለሁ። አይስጉ፣ በዚህ ጊዜ የለጠፍናት በሚከፈተው በኩል ነው።