የቁምሳጥኑ ገዢ

ሐሙስ፣ ግንቦት 6 ቀን፣ ከሰዓት በኋላ (አርብ በቀጠሮሽ ሰዓት የሚደርስሽ)

ለልጄ፣ ለሚጣዬ፤

ሰላምታውን በኋላ አደርሰዋለሁ። ይህን ወረቀት የሰጠሽ ሾፌር የምናውቀው ሰው ነው፣ አትፍሪው። ለሕንፃችሁ ጥበቃ የዕቃ ደረሰኝ ነው ብሎት ነው የገባው። በሩን ከውስጥ ዝጊና አንብቢ። ቁምሳጥንሽን በስልክ የገዛሁት እኔ ነኝ። ሦስት ቀን ሙሉ የተከራከርሽው «ዕቃ ፈላጊ» አባትሽ ነው።

አትቆጪ። ወይም ተቆጪ፣ ግን ማንበብሽን አታቋርጪ።

እናትሽ በስልክ መሸጥ ካስተማረችኝ ወዲህ ወርክሾፑ በር ላይ ቆሜ መንገደኛ መጠበቅ ትቻለሁ። ወንበሩን ፎቶ አንስቼ የስልክ ገበያው ላይ እለጥፋለሁ፣ አይቼው የማላውቅ ሰው ከማላውቀው ከተማ ይገዛኛል። ወንበሮቼ ከኔ በላይ አገር አይተዋል። ክፋቱንም ቀምሻለሁ። አዲስ መሰርሰሪያ ብዬ ያዘዝኩት ካርቶን ውስጥ ሁለት ጡብ ተጠቅልሎ መጣ፤ ሻጩ ጋ ብደውል ስልኩ ዝግ ነው። እናትሽ ሳምንት ሙሉ «ምነው፣ ጡቡን አትሰካውም?» እያለች ሳቀችብኝ። ያኔ ገና ታናግረኝ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ማንኛውንም ፎቶ አጉልቼ ሳላይ አልፌ አላውቅም። እሁድ ዕለት የሰውን ዋጋ ልይ ብዬ ስጎረጉር አንድ ቁምሳጥን ብቅ አለ። የግራው በር እጀታ ከቀኙ አንድ ጣት ዝቅ ያለ ነው። ለሠርግሽ ስጣደፍ ያበላሸሁት፣ አንቺም «ተወው አባዬ፣ ምልክት ይሁነኝ» ብለሽ እንዳላስተካክለው የከለከልሽኝ። የሻጩ ስም አልተጻፈም። እንደ ልማዴ ፎቶውን አጎላሁት። በመስታወቱ ውስጥ ሰው ቆሟል። ስልኩ ፊቷን ሸፍኖታል፤ አንድ ክንዷ በጄሶ ታስሮ ከአንገቷ ተንጠልጥሏል። የለበሰችው እናትሽ የሠራችልሽን ሹራብ ነው።

ሁለት ወር ሙሉ «የስልኬ ካሜራ ተበላሽቷል፣ በድምፅ ብቻ እናውራ» ስትይን የነበረው ለካ ለዚህ ኖሯል።

ወዲያው ልደውልልሽ ስል እናትሽ እጄን ያዘችኝ። «አንተ መሆንህን ካወቀች ምንም አልሆንኩም ትልሃለች፣ ማስታወቂያውንም ታጠፋዋለች፣ ከዚያ በምን እናገኛታለን?» አለች። ከአንድ ዓመት ወዲህ የነገረችኝ ረጅሙ ንግግር ይህ ነው። ስለዚህ ገዢ ሆንኩ።

ከማስታወቂያው ሥር ሌሎች ሰዎችም ጽፈው ነበር። አንዱ ስለ ዕቃው ምንም ሳይጠይቅ «ቤት ውስጥ ብቻሽን ነሽ?» ይላል። ባልሽም የመኪናውን ጎማ የሚገዛው ከዚያው የስልክ ገበያ እንደሆነ ራሱ ነግሮኛል። ያ ፎቶ እዚያ ከቆየ እሱም ሊያየው ይችላል። ቀብድ ልኬ ቶሎ ማስወረድ ነበረብኝ፣ ግን ሳልከራከር እሺ ብል አጭበርባሪ መስዬሽ ትሸሻለሽ። ክንዷ የተሰበረ ልጄን ዋጋ ቀንሺ እያልኩ ጨቀጨቅኳት። እንጨቱ የነቀዘ ይመስላል ብዬ የገዛ ሥራዬን አጣጣልኩ። አንቺ ምን ብለሽ መለስሽ? «አባቴ ነው የሠራው። አባቴ የነቀዘ እንጨት አይነካም።»

ስልኩን ጠረጴዛው ላይ ትቼ ወደ ግቢ ወጣሁ። አለቀስኩ፣ ምን እደብቅሻለሁ።

ተመልሼ «አባትሽ መሸጥሽን ቢሰማስ?» ብዬ ጻፍኩ። «እሱ ሳይሰማ ሩቅ ለመሄድ ነው የምሸጠው» አልሽ። ቀጥለሽም «አርብ ከአራት እስከ ስድስት ሰዓት ብቻ ኑ፣ ባለቤቴ ሳይመለስ። እባክዎ አይደውሉ» ብለሽ ቀብዱን ተቀበልሽና ማስታወቂያውን አወረድሽ።

ከኔ ለምን እንደምትሸሺ አውቃለሁ። ባለፈው ዓመት ሻንጣሽን ይዘሽ ስትመጪ ምን ሆንሽ ብዬ አልጠየቅኩሽም። «ትዳር ነው፣ ትንሽ ቻይው» ብዬ ሻንጣሽን ራሴ ተሸክሜ መናኸሪያ አደረስኩሽ። አውቶቡሱ ሲነሳ በመስኮት ዞረሽ አላየሽኝም። እናትሽ ከዚያን ቀን ጀምሮ «ምሳ ቀርቧል» ከማለት በቀር አታናግረኝም፣ እውነቷን ነው። ሰው ምን ይለኛል ብዬ ነው የመለስኩሽ፤ ሌላ ምክንያት አልነበረኝም። ይቅር በይኝ ለማለት አፍራለሁ። ግን ይቅር በይኝ።

አሁን ስሚኝ። ቁምሳጥኑን እዚያው ተይው፣ ለማስጫን ጊዜ የለም። መታወቂያሽንና የሐኪም ወረቀትሽን ብቻ ይዘሽ ከሾፌሩ ጋር ውጪ። ጥበቃው ከጠየቀሽ ቀሪውን ክፍያ ልቀበል ባንክ ድረስ ነው በይው። ስልክሽን አጥፊው፤ ባልሽ ሲደውል ድምፁን ሰምተሽ እንዳትመለሺ ፈራሁ። መኪናው ከፋርማሲው ማዶ ቆሟል። ጋቢናው ውስጥ እናትሽ አለች።

እኔ ያልመጣሁት ፊቴን ካየሽ አሁንም «ደህና ነኝ አባዬ» ትያለሽ ብዬ ነው። ወደኔ ቤት መምጣት ካልፈለግሽ እናትሽ የፈለግሽበት ታደርስሻለች። የት እንደሆነም አልጠይቃትም።

ዛሬ አርብ መውጣት ካልቻልሽ፣ ወይም ካላመንሽኝ፣ ወረቀቱን ቀዳደሽ ለሾፌሩ መልሺለት። ደረሰኙን አስፈርሜያለሁ ብሎ ይወጣል፣ ማንም አይጠረጥርሽም። እኔም ነገ በአራት ሰዓት እንደ ማንኛውም ባዕድ ገዢ እጽፍልሻለሁ። ወንበር የለሽም ወይ እልሻለሁ። ከነገ ወዲያ ደግሞ መጋረጃ። ማንኪያ በማንኪያ ቤቱን ሁሉ እገዛሻለሁ፣ አንቺ ከዚያ እስክትወጪ ድረስ።

ፈጣሪ ከጥበቃው ዓይን ይሰውርሽ፣ ደረጃውን በሰላም ያውርድሽ፣ ክንድሽን ይጠግንልሽ።

አባትሽ